አርኖ ዴማር 2 የቱር ድል ብቻ ይዞ ትልቅ ስፕሪንተር ይባላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ያልከው በአጭሩ ይሄ ነው፦ በቢንያም ግርማይ ምክንያት የብስክሌት ውድድር መከታተል ጀመርኩ፣ ፈረንሳዊው አርኖ ዴማር ከ90 በላይ ድል ይዞ ውድድር አቆመ ሲባል ሰማሁ፣ ግን ቱር ደ ፍራንስ ላይ ያለው 2 ስቴጅ (የአንድ ቀን ጉዞ) ብቻ ነው፣ ሚላን-ሳንሬሞንም የቡድኑን መኪና በእጁ ይዞ እየተጎተተ ነው ያሸነፈው የሚሉ አሉ፣ ታዲያ ሰውዬው የእውነት ትልቅ ስፕሪንተር፣ ማለት መጨረሻው መስመር ላይ በፍጥነት የሚያሸንፍ ሰው፣ ነው ወይስ ትናንሽ ውድድር እየለቀመ ቁጥር ያበዛ? የትኛውን ውድድሩን ባይ ይገባኛል? እኔ ወጣት ብስክሌተኞችን ነው የማሰለጥነው፣ ስፕሪንት ሳስተምር ደግሞ ከማንም በላይ የማሳየው የዴማርን ቪዲዮ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ትልቅ ነው፣ ያውም በጣም። ስህተቱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። ስፕሪንተርን በቱር ድል ብቻ ከለካኸው ቱር ላይ ስንቴ ተሰለፈ፣ ቡድኑስ ለማን ነበር የሚሰራው የሚለውን አብረህ ማየት አለብህ፣ ዴማር ደግሞ በዚህ በኩል በሩ ጠቦበት የኖረ ሰው ነው።

ልጁ የሰሜን ፈረንሳይ ልጅ ነው፣ በ1991 ቦቬ ነው የተወለደው። በ2011 ኮፐንሃገን ላይ ከ23 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ሁለተኛ የወጣውም አድሪያን ፔቲ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በነጋታው ዓመት 2012 ማርክ ማዲዮ የሚመራው ኤፍዴጂ ቡድን ገባና ገና 21 ዓመት ሳይሞላው ሃምቡርግ ላይ አንድሬ ግራይፕልን ቀድሞ አሸነፈ፣ ግራይፕል በዛ ሰዓት ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ነበር እንግዲህ። በ2014፣ በ2017 እና በ2020 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ጌንት-ቬቬልገም ላይ በ2014 ከዴገንኮልብ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል፣ በ2017 ደግሞ ያን የድንጋይ መንገድ ፓሪ-ሩቤን ስድስተኛ ሆኖ ጨርሷል። ይሄን የምዘረዝርልህ ምን ዓይነት እግር እንዳለው እንድታይ ነው። ንፁህ ፍጥነት ብቻ ቢሆን፣ ማለት ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ትኩስ እግር ይዘው 200 ሜትር ብቻ ቢሮጡ፣ ኪትልም ካቨንዲሽም ይበልጡት ነበር ብዬ ነው የማምነው። የሱ ልዩ ነገር 200 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ተጋልቦ፣ ዳገቱ ሰውን ከጨረሰ በኋላ፣ ያ ሌላው ሰው ያጣው ጉልበት እሱ ጋ መኖሩ ነው። ድካም ላይ የሚነሳ ስፕሪንተር ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ የለብኝም፣ ናሰር ቡሃኒ። ከኤፒናል የመጣ፣ ቦክስ የሚወድ፣ እልኸኛ ልጅ ነበር፣ ከዴማር በአንድ ዓመት ይበልጣል፣ ሁለቱም አንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። በ2014 ቡሃኒ ጂሮ ዲ ኢታሊያ (የጣሊያኑ የሦስት ሳምንት ውድድር) ላይ 3 ስቴጅና በየስቴጁ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ የሚሰጠውን የነጥብ ማሊያ ወሰደ፣ ይሄን ሁሉ አድርጎም ማዲዮ ለቱር የመረጠው ዴማርን ነው። ቡሃኒ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ኮፊዲስ ሄደ። ብዙ ሰው ያኔ ቡድኑ ተሳሳተ ብሎ ነበር፣ በዛን ዓመት ውጤት ካየኸው ተሳስቷልም፣ ግን ማዲዮ እያየ የነበረው አሥር ዓመት ወደፊት ይመስለኛል፣ ዴማር ደግሞ የተጣለበትን እምነት በ2016 ከፈለ።

አሁን ወደ ሳንሬሞ ልምጣልህ፣ ጥያቄህም እዚህ ላይ ከበድ ስላለ።

ሚላን-ሳንሬሞ ከአንድ ቀን ውድድሮች ረጅሙ ነው፣ ያን ዓመት ወደ 295 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ማርች 19 ቀን 2016። ወደ ሰባት ሰዓት የሚጠጋ ብስክሌት ላይ ትቀመጥና ሁሉ ነገር የሚወሰነው መጨረሻው ላይ ባሉ ሁለት ዳገቶች ነው፣ ቺፕሬሳ እና ፖጆ። ሁለቱም ለብቻቸው ከባድ አይደሉም፣ ፖጆ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን ከ270 ኪሎ ሜትር በኋላ እነሱን በዛ ፍጥነት መውጣት ሌላ ነገር ነው። ዴማር ቺፕሬሳ ሊጀመር ሲል፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ወደቀ። በዛ ሰዓት የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ አለቀለት ነው የሚባለው። እሱ ግን ተነስቶ፣ ዳገቱን እያሳደደ ወጥቶ፣ ከፊተኛው ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ከቺፕሬሳ ቁልቁለት በኋላ እስከ ፖጆ ድረስ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ የባህር ዳር መንገድ አለ፣ ወደ ፊት ለመጠጋት ጊዜ የሚሰጠውም ያ ነው። ፖጆን ከነሱ ጋር ተሻገረ። መጨረሻው መንገድ ቪያ ሮማ ላይ ስፕሪንቱ ሊጀመር ሲል ፈርናንዶ ጋቪሪያ ወደቀ፣ ሳጋንና ካንቼላራ እሱን ለመሸሽ ፍሬን ያዙ፣ ቡሃኒ ደግሞ ጥሩ ቦታ ላይ ሆኖ ማርሹ ከዳው። ዴማር ክፍቱን አየና ሄደ፣ ቤን ስዊፍት ሁለተኛ፣ ዩርገን ሩላንትስ ሦስተኛ። ከሎራን ዣላቤር 1995 ድል ወዲህ ሳንሬሞን ያሸነፈ የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ሆነ፣ 21 ዓመት ማለት ነው።

ያው ማታውኑ ክሱ መጣ። ማቴዎ ቶዛቶ እና ኤሮስ ካፔኪ የሚባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ተወዳዳሪዎች ቺፕሬሳ ላይ የቡድኑን መኪና ይዞ አለፈን አሉ። ዴማር በፍጹም አላደረኩትም አለ። የዳኞች ምስክርነት አልተገኘም፣ የሚያሳይ ምስልም አልወጣም፣ ውጤቱም ፀደቀ፣ ዛሬም የሱ ስም ነው የተጻፈው። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ የወደቀ ሰው ከመኪኖቹ ኋላ ንፋስ እየተከለለ ወደ ቡድኑ መመለሱ በየውድድሩ የምታየው ነገር ነው፣ ዳኞችም በመጠኑ ይታገሱታል፣ መኪና መያዝ ግን ክልክል ነው፣ ያስባርራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚረጋገጠው በማስረጃ ነው፣ ማስረጃ ካልቀረበ ደግሞ ሰውን ዕድሜውን ሙሉ ሌባ እያሉ መጥራት ፍትህ አይደለም። ሌላም ነገር ልጨምርልህ፣ መኪናው ቺፕሬሳን ቢያሻግርህ እንኳ ፖጆን አይወጣልህም፣ ከ290 ኪሎ ሜትር በኋላ ያለውን ስፕሪንትም አይሮጥልህም። ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በ2018 እዛው ሳንሬሞ ላይ ከኒባሊና ከኬለብ ኢዋን ቀጥሎ ሦስተኛ ወጥቷል፣ የዛን ቀን ማንም ስለ መኪና አላወራም። ይሄ መንገድ ለሱ እግር የተሰራ መንገድ ነው።

ወደ ቱር ስንመጣ፣ ለምን 2 ብቻ? አንደኛ፣ ሳይሰለፍ የቀረባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። 2016፣ 2019፣ 2020፣ 2022፣ 2023፣ አንዳቸውም ላይ የለም። ቡድኑ ቲቦ ፒኖ ነበረው፣ በኋላም ዴቪድ ጎዱ፣ ለጠቅላላ ውጤት የሚወዳደሩ የተራራ ሰዎች ናቸው። ቱር ላይ አንድ ቡድን 8 ሰው ብቻ ነው የሚያሰልፈው፣ እስከ 2017 ደግሞ 9 ነበር። ስፕሪንተር በደንብ እንዲሮጥ 3 ወይም 4 ሰው ይፈልጋል፣ የተራራው ሰውም 3 ወይም 4 ይፈልጋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስታሰልፍ ሁለቱም ግማሽ ቡድን ነው የሚያገኙት። ማዲዮ ይሄን ስላወቀ ነው ብዙ ዓመት ዴማርን ወደ ጂሮ የላከው፣ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ግን የዴማርን ስም ከፈረንሳይ ሐምሌ አራቀው።

ሁለተኛው የሰዓት ገደብ ነው። አዲስ ተመልካች ስለሆንክ ይሄን ልብ በልልኝ። እያንዳንዱ ስቴጅ ላይ አሸናፊው ከገባበት ሰዓት በላይ የተወሰነ ፐርሰንት ያህል ብቻ ነው ዘግይተህ መግባት የምትችለው፣ ፐርሰንቱ እንደ መንገዱ ክብደትና እንደ ዕለቱ ፍጥነት ይለያያል። አሸናፊው 5 ሰዓት ከፈጀ እና ገደቡ 12 ፐርሰንት ከሆነ 36 ደቂቃ አለህ ማለት ነው፣ በ37ኛው ደቂቃ ከገባህ ነገ አትነሳም፣ ወደ ቤትህ ነው። ለስፕሪንተር ትልቁ ጦርነት ይሄ ነው፣ ካሜራው ግን ፊት ላይ ስላለ ማንም አያየውም።

በ2017 ዴማር የፈረንሳይ ሻምፒዮን ማሊያ ለብሶ ነበር የመጣው፣ በ4ኛው ስቴጅ ቪቴል ላይ አሸነፈ። ያ ቀን ካቨንዲሽ ከሳጋን ጋር ተጋጭቶ ትከሻው የተሰበረበት፣ ሳጋንም ከውድድሩ የተባረረበት ነው፣ ስለዚ የዴማር ድል በዜናው ስር ተቀበረ። ከጂሚ ካስፐር የ2006 ድል ወዲህ ፈረንሳዊ በጅምላ ስፕሪንት ቱር ላይ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር፣ አረንጓዴውን የቱር የነጥብ ማሊያም ለበሰ። ከዛስ? በ9ኛው ስቴጅ፣ ወደ ሻምበሪ በሚወስደው፣ ግራን ኮሎምቢዬና ሞን ዱ ሻ ያሉበት አረመኔ ቀን፣ ከገደቡ ውጭ ገባ። ብቻውን አይደለም፣ ጓርኒዬሪ፣ ኮኖቫሎቫስ እና ደላዥ የሚባሉ የቡድኑ ልጆች እሱን እየጠበቁ፣ እያበረታቱ፣ አብረው ከገደቡ ወጡ፣ አራቱም በአንድ ቀን ተሰናበቱ። እሱን ትተው ቢሄዱ ሦስቱም ይተርፉ እንደነበር የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ይሄን ሳስብ ሁሌም ይከብደኛል፣ ስለ ቡድን ፍቅር ከፈለግህ ከዚህ በላይ ምሳሌ የለኝም።

በ2018 ግን ተመልሶ መጣ። ያን ዓመት አልፕስ ላይ ኪትልና ካቨንዲሽ በሰዓት ገደብ ወጡ፣ በማግስቱ አልፕ ዱዌዝ ላይ ጋቪሪያ፣ ግሩነቬገን እና ግራይፕል አቋረጡ። በሁለት ቀን ውስጥ የዓለም ፈጣኖች አለቁ። ዴማር ቆየ። ፒሬኔ ላይ ያንን አጭሩን፣ 65 ኪሎ ሜትሩን የኮል ዱ ፖርቴ ስቴጅ ተርፎ፣ በማግስቱ 18ኛው ስቴጅ ፖ ከተማ ላይ ክሪስቶፍ ላፖርትን ቀድሞ አሸነፈ። ፈጣኖቹ ስላልነበሩ ነው ያሸነፈው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ደግሞ እነሱ ለምን አልነበሩም ብዬ ነው የምጠይቃቸው፣ ተራራውን መትረፍ የስራው ግማሽ እኮ ነው። በ2021 ደግሞ ቲኝ ላይ በዝናብና በብርድ እንደገና ገደቡ ያዘው። ተራራ ሰጠው፣ ተራራ ወሰደበት።

እና ጂሮ። ዴማርን ማወቅ ከፈለግህ እዚህ ነው የምታየው። በ2019 ሞዴና ላይ አንድ ስቴጅ ወስዶ ነበር፣ በ2020 ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በኮቪድ ምክንያት ጂሮ ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ነበር። ዴማር በዛ ዓመት በአጠቃላይ 14 ጊዜ አሸነፈ፣ በዓለም ከሁሉም ባለሙያ ብስክሌተኛ የበለጠ፣ ከነሱ 4ቱ ጂሮ ላይ ናቸው፣ ቪላፍራንካ ቲሬና፣ ማቴራ፣ ብሪንዲዚ እና ሪሚኒ። የነጥቡን ማሊያ፣ ያን ወይን ጠጅ ሮዝ የመሰለውን፣ ሳጋንን አሸንፎ ወሰደ።

ያ እንዴት እንደሚሰራ ላሳይህ። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ 60 እና 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄድ ጉልበትህን የሚበላው በአብዛኛው ንፋስ ነው፣ ፊት ያለው ሰው ይሰብረዋል፣ ከኋላው ጎማ ላይ የተለጠፈው በጣም ባነሰ ጉልበት እኩል ይሄዳል። ስለዚ ስፕሪንተሩ እስከ መጨረሻዎቹ 200 ሜትር ድረስ ንፋስ እንዳይነካው ጓደኞቹ በተራ ፊት ይሆናሉ፣ አንዱ ያለውን ጨርሶ ወደ ጎን ይወጣል፣ ቀጣዩ ይቀበላል። ይሄን ሰልፍ ባቡር ይሉታል፣ የዴማር ባቡር ላይ ማይልስ ስኮትሰን፣ ኢግናታስ ኮኖቫሎቫስ፣ ራሞን ሲንክልዳም ነበሩ፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ጃኮፖ ጓርኒዬሪ። ጓርኒዬሪ ለኔ የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ጀግና ነው። ስራው መፍጠን ብቻ አይደለም፣ ኩርባው ላይ በየትኛው ጎን እንደሚገባ፣ ሌላ ቡድን ከጎን ሲመጣ ይልቀቅ ወይስ ይዝጋ፣ ይሄን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው፣ ዴማር ዓይኑን የሱ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከዛ 200 ሜትር ሲቀር ይለቀዋል፣ የቀረው 11 ሰከንድ ገደማ ነው፣ የአምስት ሰዓት ስራ በ11 ሰከንድ ይዘጋል።

ቪላፍራንካ ላይ ሳጋን፣ ባሌሪኒ እና ዴማር ጎን ለጎን መስመሩን ነኩ፣ ማንም ማን እንዳሸነፈ አላወቀም፣ ፎቶ ፊኒሹ እስኪታይ ተጠበቀ፣ የጎማ ጫፍ ነበር ልዩነቱ። ለዛ የጎማ ጫፍ የሚረዳ አንድ ነገር አለ፣ መስመሩ ላይ ሰውነትን ወደ ኋላ፣ ብስክሌቱን ወደ ፊት መወርወር። ልጆቼን ይሄን ሳሰለጥን ጊዜው ነው የሚከብዳቸው፣ ትንሽ ከቀደምክ ፍጥነትህን ታጣለህ፣ ከዘገየህ ጥቅም የለውም። ዴማር በዚህ በጣም ጎበዝ ነበር። ማቴራ ደግሞ መጨረሻው ዳገት ነክ ነው፣ ንፁህ ስፕሪንተር የሚቸገርበት፣ እዛ ላይ ማይክል ማቲውስን በሰፊው ነው የቀደመው። በማግስቱ ብሪንዲዚ ላይ ንፋስ ከኋላና ከጎን እየነፈሰ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አማካይ ፍጥነት ተሄደ፣ እሱንም አሸነፈ። ዳገት፣ ጠፍጣፋ፣ ንፋስ፣ አሉት።

በ2022 ይሄንኑ ደገመው። ያ አንተ የምታውቀው ጂሮ ነው፣ ቢንያም ዬዚ ላይ ቫን ደር ፑልን ያሸነፈበት። ዴማር ሜሲና፣ ስካሌያ እና ኩኔዎ ላይ 3 ስቴጅ ወሰደ፣ ማሊያውንም ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ ሄደ። ሜሲና ላይ ዳገቱ ካቨንዲሽንና ኢዋንን ጣላቸው፣ ዴማርም ተንጠባጥቦ ነበር፣ ግን ልጆቹ ጎትተው መለሱትና አሸነፈ። በአጠቃላይ ጂሮ ላይ 8 ስቴጅ አለው፣ በርናር ኢኖ እንኳ ያለው 6 ነው፣ ስለዚ ጂሮ ላይ ከማንም ፈረንሳዊ በላይ ያሸነፈው ዴማር ነው። ይሄን ይዞ ትናንሽ ውድድር የሚለቅም ማለት አይቻልም።

ፓሪ-ቱርን በ2021 እና በ2022 በተከታታይ ማሸነፉን ደግሞ ሰው ይረሳዋል። ከ2018 ወዲህ ያ ውድድር በወይን እርሻ መሃል በኮረኮንች መንገድ ነው የሚያልፈው፣ ስፕሪንተር እንዳያሸንፈው ተብሎ የተቀየረ እስኪመስል ድረስ። የመጀመሪያውን ከቱር በተባረረበት በዛው በ2021 ነው ያሸነፈው፣ አራት ሰው ሆነው ገብተው ፍራንክ ቦናሙርን ቀደመ።

መጨረሻው እንደሚገባው አልሆነም። በ2023 ቡድኑ ቱርን ሙሉ በሙሉ ለተራራ ሰዎቹ ሰጠ፣ ዴማር ቀረ፣ ነሐሴ ላይ ከ11 ዓመት ተኩል በኋላ ወደ አርኬያ ቡድን ሄደ። እዛ ያ ባቡር አልነበረም፣ ጓርኒዬሪም ቀድሞ ሄዷል፣ ስፖርቱም ተቀይሮ ነበር፣ ፊሊፕሰን፣ ሜርሊየር፣ ቢንያም መጥተዋል። በ2025 ጥቅምት ላይ፣ 34 ዓመቱ ላይ፣ አቆመ። የእኔ አስተያየት፣ ኤፍዴጂ በ2022 ከዛ ጂሮ በኋላ በሱ ዙሪያ አንድ ቱር መስራት ነበረበት፣ ያኔ እግሩም ባቡሩም ሙሉ ነበሩ። ያቺ ሐምሌ ታስቆጨኛለች።

የትኛውን ልይ ላልከው፣ በዚህ ቅደም ተከተል እይ። መጀመሪያ የ2020 ቪላፍራንካ ቲሬናን የመጨረሻ 3 ኪሎ ሜትር ሁለቴ እየው፣ በመጀመሪያው ዴማርን፣ በሁለተኛው ዴማርን ተውና ጓርኒዬሪን ብቻ። ከዛ ኩኔዎ 2022፣ እዛ አራት ሰዎች አፈትልከው ወጥተው መጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የተያዙት፣ ስፕሪንት ቡድኖች ማሳደዱን እንዴት እንደሚያሰሉት የሚታይበት ነው። ሳንሬሞ 2016ን ደግሞ ከቺፕሬሳ ጀምረህ ሳትቆርጥ ጨርሰው፣ መኪና ስላሉት ነገር ከዛ በኋላ የራስህን ፍርድ ስጥ። አይተህ ያልገባህ ነገር ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ።